የሙሴ ኦሬስቴ ግድግዳ

ኤልቪራ ሰው የምትንቀው በተራ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ጎረቤቶቿን ትንቃለች፤ ቀን በቡና ላኪው ድርጅት ውስጥ አብረዋት ታይፕ የሚመቱትን ሴቶች ትንቃለች፤ አመሻሹ ላይ ቤቷ ስትገባ ደግሞ እናቷን ትንቃለች። እናቷ መጨረሻ ላይ የሚደርሳት ንቀቱ አንሷት አይደለም፤ ጫማ አውልቆ፣ ተረጋግቶ፣ በደንብ ሊናቅ የሚችል ሰው እሷ ብቻ ስለነበረች ነው። «እማዬ» ብላ ጠርታት አታውቅም። አባቷ ያደርግ እንደነበረው «ዘርፌሽ» ትላታለች፤ እንግዳ ባለበት ደግሞ ጭራሽ አትጠራትም።

ቤቱ ጅማ ውስጥ፣ ጣሊያኖች ቀይሰውት በሄዱት ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል። ከውጭ ሲያዩት እርጥበት የበላው ተራ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ውስጡ ግን ኮርኒሱ ላይ የወይን ዘለላ፣ የጽጌረዳ እንቡጥና የሕፃናት ጉንጭ በጄሶ ተሠርቶ ተንጠልጥሏል። ይህን ሁሉ የሠራው የኤልቪራ አባት ሙሴ ኦሬስቴ ነው። ከጣሊያን ጦር ጋር መጥቶ፣ ጦሩ ሲባረር እሱ ቀረ፤ ለሳኝ ሆነ፤ የከተማው ባለጠጋ ሁሉ ሳሎኑን በሱ እጅ ካላስጌጠ ቤት የሠራ አይመስለውም ነበር። ነጭ ሰው ጣሪያ ላይ አበባ ሲያወጣ አይተው፣ ያ እጅ ከዚያ በፊት ምን ይሠራበት እንደነበር የጠየቀ አንድም ሰው አልተገኘም። ባለፈው መስከረም ሲሞት ግማሹ ከተማ ለቀብሩ ወጣ። ኤልቪራም ጥቁር መነጽሯን ሳታወልቅ ከእናቷ አሥር እርምጃ ርቃ ቆመች።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግባት ነበር። እንደ ማንም ያገር ልጅ በአባቷ ስም ኤልቪራ ኦሬስቴ ተባለች እንጂ የቤተሰቡን ስም አላገኘችም። ቤልትራሚ የሚለውን ስም አባቷ ደብዳቤ ላይ ብቻ ነበር የሚጽፈው። ታዲያ ነሐሴ ላይ ከጣሊያን አንድ ፖስታ መጣ። ሬናቶ የሚባል የአባቷ ወንድም ልጅ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመጣ፣ በእንቁጣጣሽ ቀን ጅማ ድረስ ወርዶ እንደሚጠይቃት፣ ቤተሰቡም የኦሬስቴን ልጅ በስሙ ሊያጽፋት እንደሚፈልግ ይናገራል። ደብዳቤውን ከሹራቦቿ ሥር አስቀምጣ በቀን ሦስቴ እያወጣች ታነበዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ክልስ ስትባል፣ ዲቃላ ስትባል ኖራለች። አሁን ስም ልታገኝ ነው፤ ከዚህ ሌላ የምትፈልገው ነገር በዚህ ዓለም አልነበረም።

በጳጉሜ አንድ እስከ በዓሉ ፈቃድ ወስዳ ቤቱን ለእንግዳው ማሰናዳት ጀመረች። መጋረጃ አጠበች፤ የሳሎኑን ወለል ሰም ቀባች፤ ከግድግዳ ላይ የእናቷን የማርያም ሥዕል አውርዳ ጓዳ ከተተችው። እናቷ ወይዘሮ ዘርፌሽዋል ከሰኔ ጀምሮ የቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት፣ ከዘራ ተደግፋ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

«ልጄ፣ ጳጉሜ ገባ» አለች።

«ገባ። እና?»

«ግድግዳው። ዘንድሮ እጄ እንደምታዪው ነው። አንቺ ለስኝልኝ። አሮጌውን እንዳትፍቂው፤ እላዩ ላይ ደርቢበት እንጂ። ስስም ቢሆን ግድ የለም፤ ብቻ አንድም ቦታ እንዳይቀር።»

ግድግዳው የተባለው በቤቱ ጀርባ ባለው የሙሴ ኦሬስቴ የሥራ ክፍል ውስጥ ያለ ነው። አገሩ ሁሉ ለአዲስ ዓመት ቤቱን ሲለስንና ሲቀባ፣ ወይዘሮ ዘርፌሽዋል ያንን አንድ ግድግዳ ብቻ፣ እንግዳ የማይገባበትን ክፍል፣ በየዓመቱ በጳጉሜ ጄሶ ስትለስን ነው የኖረችው። ኤልቪራ ይህን ስታይ ያደገች ስለሆነ ሁልጊዜም ከባላገር አጉል ልማድ ቆጥራዋለች። ደግሞ የለሳኝ ልጅ ናት፤ አሮጌ ጄሶ ሳይፋቅ አዲስ እንደማይጣበቅ ታውቃለች።

«ፓፓ ቢሰማሽ ይስቅብሽ ነበር» አለቻት።

«አባትሽ ራሱ ነው እንዲህ አድርጊ ያለኝ።»

«እሱ ያለሽ ሌላ፣ አንቺ የገባሽ ሌላ» አለችና የአባቷን መሮና የግንበኛ ማንካ ፍለጋ ወደ ጀርባ ሄደች።

የክፍሉ በር እስከ ግማሽ ተከፍቶ ቆመ። ድሮ ልጅ ሳለች ወለል ብሎ ይከፈት እንደነበር ታስታውሳለች፤ በሩን ያገደው ራሱ ግድግዳው ነው። ሠላሳ ዓመት እየተደራረበ ከአንድ ክንድ በላይ ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ ክፍሉን አጥብቦ፣ የመስኮቱን አንድ ጎን ጋርዶ ቆሟል። ጎንበስ ብላ ገባች። አስቀድሞ የተቀበላት ሽታው ነው፤ አቧራ ወይም ሻጋታ ቢሸታት ምንም ባልመሰላት፣ የሸተታት ግን ገና አሁን ውኃ የነካው፣ ሳፋ ውስጥ ተበጥብጦ ያልደረቀ የጄሶ ሽታ ነበር። አምና እናቷን ወባ ይዟት ግድግዳው ሳይለሰን ስለቀረ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ጄሶ ከተበጠበጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የጣሪያው ፍሳሽ ነው ብላ መሮውን አሳረፈችበት።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ስትፍቅ ዋለች። ጄሶው እንደ ሽንኩርት በየንብርብሩ እየተላጠ፣ አንዱ ዓመት ከሌላው ዓመት በስስ አቧራ ተለይቶ፣ እግሯ ሥር ይከመራል። ውጭ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ውስጥ ያለው ድምፅ የመሮውና የመዶሻው ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ላቧን ልትጠርግ መዳፏን ግድግዳው ላይ ስታስደግፍ፣ ግድግዳው ሞቀ። ጄሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ ይህንንም ታውቃለች፤ የሠላሳ ዓመት ጄሶ ግን ምን ሆኖ እንደሚሞቅ አታውቅም። እጇን አንስታ ቆማ ሳለች ዝናቡ አባራ፣ ያን ጊዜ ከግድግዳው ውስጥ ቀጭን ፉጨት ሰማች። ይገባል፤ ትንሽ ይቆያል፤ ይወጣል። አንድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ነው፤ ሁሉም በየራሱ ጊዜ የሚሄድ፣ አፍንጫው የታፈነ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው የሚያሰማው ዓይነት።

«አይጥ» አለች ጮክ ብላ። አይጥንም ትንቃለች።

ጳጉሜ ሦስት ቀን ቀሰሞቹን አገኘች። ጣት የማይሞሉ የሸምበቆ ቀሰሞች፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ በሰው አፍንጫ ልክ ተራርቀው ከጄሶው ውስጥ ብቅ ብለዋል። አንዱን ጥንድ ተከትላ በስፓቱላ ዙሪያውን ስትልግ ቅርፊቱ ተፈንቅሎ ወደቀና ፊት ለፊቷ የሰው ፊት ታየ። ወደ ውጭ የወጣ ፊት አይደለም፤ ወደ ውስጥ የገባ፣ ፊት ተነስቶ የሄደበት ጎድጓዳ ነው። የተጨፈነ ዓይን፣ የተገጠመ ከንፈር፣ የግንባር ሽብሽብ፣ ሁሉም ተገልብጦ እዚያው አለ። የሽፋሽፍት ጸጉር ጄሶው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ከአገጩ በታች ቁጥር ተጭሯል። እስከ ማታ ድረስ አርባ አንድ አገኘች፤ ሦስቱ አፋቸው ተከፍቶ ነበር።

ኤልቪራ ለክብሯ ስትል መጮሁን ተወችው። ይልቅስ መስኮቱ ሥር ያለውን የአባቷን ጠረጴዛ መሳቢያ በመሮው ገንጥላ ከፈተችው። የቆዳ ሽፋን ያለው ደብተር፣ የፊት መለኪያ ብረትና የደረቀ የቫዝሊን ቆርቆሮ አገኘች። ጣሊያንኛዋ እንደምታወራው ባይሆንም ቁጥር ለማንበብ በቂ ነው። አንድ፣ ወንድ፣ ዕድሜ፣ መንደር፣ የራስ ዙሪያ፣ የአፍንጫ ስፋት። ሁለት፣ ሴት። እንዲህ እያለ እስከ አርባ አንድ ይሄዳል፤ የአንድም ሰው ስም የለም፤ ሦስቱ ቁጥሮች አጠገብ መስቀል ተሠርቷል። አባቷ ከጄሶ አበባው በፊት፣ ከጦሩ ጋር ለመጡት፣ ሰውን በዘር ለሚመድቡ ምሁራን፣ የሰው ፊት በጄሶ የሚያነሳ ሙያተኛ ነበር።

ይህን ሁሉ ልትችለው ትችል ነበር። እንዲያውም «ሳይንስ ነው» ብላ ለራሷ መንገር ጀምራ ነበር። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። አርባ ሁለት፣ ሴት፣ ቅልቅል። ከዚያ ሥር አሥራ ስምንት መሥመር፣ በየመሥመሩ የልደቷ ቀን፣ የጭንቅላቷ ዙሪያ፣ የአፍንጫዋ ስፋት፣ የከንፈሯ ውፍረት፣ የቆዳዋ ቀለም በቁጥር ተጽፏል። ልደቷ በመጣ ቁጥር አባቷ ይህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣትና ያ ቀዝቃዛ ብረት ጆሮ ግንዷ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ከረሜላ ይሰጣታል። ትምህርት ቤት «አባቴ በየዓመቱ ምን ያህል እንዳማርኩ ይለካኛል» እያለች ሌሎቹን ልጆች ስታስቀና፣ አባት የሌላቸውን ስትንቅ አድጋለች። በገጹ አናት ላይ አባቷ ባማረ እጅ ጽሕፈቱ የጻፈው አንድ ቃል «ውጤት» የሚል ነበር። ኤልቪራ አፈረች፤ ፊቷ እስኪቃጠል ድረስ አፈረች፤ እናም ኀፍረቷን የምትጥልበት ሰው ፍለጋ ወደ እናቷ ክፍል ሄደች።

ወይዘሮ ዘርፌሽዋል አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። የመሮውን ድምፅ ሦስት ቀን ስትሰማ ነው የሰነበተችው።

«አንቺ የት ነበርሽ ይሄ ሁሉ ሲሆን?» አለቻት ኤልቪራ።

«እዚያው። ቀሰም ያዥ ነበርኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ጨውና አቡጀዲ ይሰጡ ነበር ለሚተኛላቸው፤ አያምም ብዬ ያገሬን ሰው ያመጣሁት እኔ ነኝ። አፋቸው በጄሶ ይዘጋል፤ የሚተነፍሱት በቀሰሙ ነው። እጅ ሲደክም ቀሰሙ ይንሸራተታል። አባትሽ ደግሞ ጄሶው ሳይደርቅ አይነሳም ይላል፤ ቅርጹ ይበላሻል ይላል። ሦስቴ ተንሸራተተብኝ። ሦስተኛው ታናሽ ወንድሜ ሽብሩ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጦሩ ሲሸሽ ቅርጾቹን የሚወስድ ጠፋ። አባትሽ ግድግዳ ውስጥ ገነባቸው። እኔንም አስቀረኝ። አንቺ መጣሽ።» ደህናውን እጇን ጉልበቷ ላይ አሸች። «ዓመት ሲሞላ መተንፈስ ጀመሩ። አባትሽ ለሰነባቸው፤ ዝም አሉ። በዓመቱ እንደገና፤ ከዚያ ወዲያ ሥራውን ለእኔ ተወው። አምና እኔ ወባ ጥሎኝ ቀረ፤ መስከረም ሁለት የአባትሽን ሬሳ ከዚያ ክፍል አወጣን። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ከአፍንጫው ውስጥ ጄሶ በመርፌ እየቆፈርኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጄ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ለስኚው። እለምንሻለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው እናቱ እግር ሥር ይቀመጥ ነበር። ኤልቪራ ግን አይታት አይታት፣ ከሁሉም በላይ ያስጠላት የከዘራው ጫፍ ሰም በተቀባው ወለል ላይ የተወው ምልክት ሆነ። ሦስት ቀን ቀርቶታል ሬናቶ ሊመጣ። ይቺ ሴት በዚህ አንደበቷ ፊቱ ልትቀርብ ነው?

«ለበዓሉ ማድቤት ያለችው ክፍል ውስጥ ትሆኛለሽ» አለቻት። «ወጥ ቤት ናት እለዋለሁ። አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ።»

በማግስቱ ጳጉሜ አራት ነው። ግድግዳውን እንደገና መለሰን እናቷን ማመን መሰላትና አልለሰነችውም። ቀሰሞቹን አንድ በአንድ በቢላ ከሥራቸው ቆረጠቻቸው፤ ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ደፈነች፤ በአውራ ጣቷ አለሳለሰች። አንዱ ሲደፈን አንዱ ፉጨት ይቆማል። ደስ አላት። ሌላውን ትደፍናለች፤ ሌላው ይቆማል። በመጨረሻው ላይ ጣቷ ሥር ሞቃት አየር ሲገፋት ተሰማት፤ ስቱኮውን ሁለቴ ወደ ውጭ ተፋው፤ ሦስተኛው ላይ በሙሉ ክንዷ ተጭና እስኪጠነክር ቆመችበት። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጸጥ አለ። የአባቷን የአልጋ ልብስ እንደ መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ሰቀለችበትና እጇን ታጠበች።

ጳጉሜ አምስት ከሰዓት በኋላ ገባ ብላ አየች። የአልጋ ልብሱ መሐል ላይ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ብሎ ተጣብቋል። ስትገልጠው አፋቸው ከተከፈተው ከሦስቱ አንዱ ጎድጓዳ በቦታው አልነበረም። አልፈረሰም፤ ወለሉ ላይ ፍርፋሪ የለም፤ ዙሪያው በክር እንደተለካ ጥርት ብሎ ተነስቶ፣ ከኋላው የሰው ቁመት ያህል ጨለማ ክፍተት ብቻ ቀርቷል። ከበሩ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ወለሉ ላይ ነጭ ዱቄት ተንጠባጥቧል። ራሷ በጫማዋ ያወጣችው መሆን አለበት ብላ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው። ሰም የተቀባ ወለል በመበላሸቱ ተናደደች።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ፣ ከአጥር ውጭ የልጃገረዶች ዘፈን ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ይሰማል። ኤልቪራ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን አስተኝታ፣ እናቷን ማድቤት አስገብታ ወደ ሳሎን ስትመለስ እንግዳው መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ አገኘችው። የመኪና ድምፅ አልሰማችም፤ በሩም አልተንኳኳም። ከጠበቀችው በላይ ወጣት ነው። አባቷ በሥራ ቀን ይለብሰው የነበረውን የመሰለ አመድማ ኮት ለብሷል፤ ነጭ ነው፤ ከግንባሩ እስከ ከንፈሩ ድረስ ነጭ ነው። ኤልቪራ ንጣቱን አይታ ሌላ ነገር ማየት አላስፈለጋትም። አፍንጫው ሰፋ ያለ መሆኑን፣ አገጩ ላይ እናቷ ያላት ዓይነት ስርጉድ መኖሩን ልብ ብላለች፤ የዘመድ መልክ ነው አለች በሆዷ፤ የየትኛው ወገን ዘመድ እንደሆነ ግን አልጠየቀችም።

«ኤልቪራ ቤልትራሚ» አላት በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን በደንብ ሳይገልጥ።

ያንን ስም ከስሟ ጋር ከሰው አፍ ስትሰማው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «አማርኛ ትችላለህ?»

«ብዙ ዘመን ስሰማው ኖሬአለሁ።»

እጁን ጨበጠችው፤ እርጥብና ሞቃት ነበር። ቡና ልታፈላለት ስትል ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ። የሁሉም ሰው ፊት እንደተነሳ፣ የቀረው የእሷ ብቻ እንደሆነ፣ ከተነሳ በኋላ ከሌሎቹ ጋር እንደምትሆን ነገራት። ይህን እያለ በኮሪደሩ ፊት ፊት ሄደ፤ የትኛው በር እንደሆነ አልጠየቃትም።

ደብተሩን አንብባለች። ጎድጓዶቹን በእጇ ዳብሳለች። ሁሉን እያወቀች የአባቷ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመች፤ ቤልትራሚ ተብላ መጠራት ነበር የፈለገችው፤ ጠራትም። ጣቶቹ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ የአፍንጫዋን ግራና ቀኝ ቫዝሊን ቀቧት። ሁለቱ ቀሰሞች ሲገቡ ትንሽ አሳከኳት። ከዚያ ጄሶው መጣ፤ መጀመሪያ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ ከበደ፣ ከዚያ ከከንፈሯ ጀምሮ ወደ ላይ መሞቅ ጀመረ። ዓለም ጠፍቶ የቀረው የገዛ ትንፋሿ ፉጨት ነው፤ ይገባል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ይወጣል።

ከማድቤት በኩል የእናቷ ድምፅ ተሰማ። «ኤልዬ፣ ማነው የመጣው? የአጥሩ በር እኮ አልተከፈተም!»

ዝም በይ ልትላት ፈልጋ ከንፈሯ እንቢ አላት። እንግዳው ሁለት ጣቶቹን ቀሰሞቹ ላይ እንዳሳረፈ፣ እንደማይቸኩል ሰው ቆሟል። ጄሶው ጠነከረ። ያኔ ከአጥሩ ውጭ መኪና ቆመ፤ ልጃገረዶቹ ዘፈናቸውን አቋረጡ፤ እናቷ በከዘራዋ እየተጎተተች ሄዳ በሩን ስትከፍት አንድ ጎልማሳ በጣሊያንኛ፣ መንገዱ ስላስቸገረው ይቅርታ እየጠየቀ፣ ሬናቶ ቤልትራሚ እንደሚባልና ገና አሁን መድረሱ እንደሆነ ሲናገር ኤልቪራ ከጄሶው ሥር ሰማችው።